መሸጎጫ

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣
ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሽራ ስቆርጥ፣ ሙሽራ ስቀጥል ስኖር፣
አንዲት ማሽን አለችኝ፤
ዲስኳ ሲዞር ያስላል፤
ዳገት እንደወጣ አዛውንት እያረፈ ይላል፦
«ቆይ፣ ልፈልግ፣ ታገሠኝ።»

ያንን ሳል የሚሸፍን አንድ ፕሮግራም ነበር፤
ሥራው መሸጎጥ ነው፣ ያነበበውን በጉያው ማኖር፤
ደግሜ ስጠይቀው፣ ዲስኩን ሳይቀሰቅስ
«ይኸው!» ማለት ከጉያው፣ ቃሌን ሳልጨርስ።
የሰጠሁትንም ተቀብሎ፣ «ተጽፏል» ይለኛል ደርሶ፤
ለዲስኩ የሚያቀብለው ግን በኋላ ነው፣ አስታውሶ።

ሰኔ ላይ የእህቴ ልጅ ቢምረው ከማራኪ ግቢ መጣ፤
ፍላሹን ካንገቱ አወጣ፤
«አጎቴ፣ ይኼ ዊንዶውስ አርጅቷል፣ በሩ ክፍት ነው ለሌባ»
አለና አዲሱን ጫነው፤ ማሽኗ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ገባች።
ቀለሟ አማረ፣ ፊደሏ ጠራ፣ መስኮቷ ሰፋ።
አሮጌውን ፕሮግራም ስከፍተው ግን
አንድ ሳጥን ወጣ፣ ቀይ ምልክት ከፊቱ፦
«ከዚህ ሥሪት ጋር አይስማማም።»

አይስማማም!
ይኼን ቃል አውቀዋለሁ፤
ስንቱን ሰርግ አሳምሬ ሸጬ፣ በዓመቱ ሰምቼዋለሁ።
ሽማግሌ ፊት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ቃል፤
ምክንያት ሲጠይቁት ጋቢውን አራግፎ ይነሣል።

ሽምግልና ገባን።
«እንዋሸው» አለ ቢምረው፣ «ዘመኑ አልተለወጠም እንበለው፤
ሚሌኒየሙ ገና አልበረደም፣ ያለኸው ያኔ ነው እንበለው።»
ዋሸነው። አመነ።
ሦስት ደቂቃ ያህል ዲስኩ ሳሉን ተወ፤
ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ማሽኗ ድርቅ አለች፤
ሦስቴ አነሣናት፣ ሦስቴ ወደቀች።

ያ ፕሮግራም፣ ይላል ቢምረው፣ የሚገባው በጓዳ ነው፣ ከዲስኩና ከዊንዶውሱ መሐል፤
ድሮ ጓዳው አይዘጋም፤ የአዲሱ ዘበኛ ግን
ፊርማ ይላል፣ ማኅተም ይላል፣
«ማን ላከህ?» ይላል።
ምን ይመልስለት? የሠራው ኩባንያ ከፈረሰ ቆይቷል።

አዲሱን ረገምኩት።
ማታ ግን፣ ባጃጁ ሁሉ ገብቶ፣
ባውቶ ፓርኮ በኩል የአንድ ውሻ ድምፅ ቀርቶ፣
የትርንጎ ሰርግ መጣብኝ።

ሁለት ሺህ አምስት፣ ጥር።
አባቷ አቶ ደርበው የዳሱን ምሰሶ ይዘው፣
በመነጽራቸው ሥር እንባቸውን ጠርገው፣
«እንደ ጃንተከል ዋርካ ጥላሽ ይስፋ» ሲሏት፣
ቀርጬ፣ ቆርጬ አስገባሁት።
«ተጽፏል» አለኝ።
ካሴቱ ላይ የአዘዞን ሰርግ ቀዳሁበት።
መብራት ሄደ።

ሲመለስ ምርቃቱ የለም።
በጉያው እንደያዘው ነበር፤ ለዲስኩ አላቀበለም።

«ካሴቱን እርጥበት በላው» አልኳት።
አባቷ ለፋሲካ አልደረሱም።
እሷ ግን በየጥሩ ትመጣለች፦ «ምናልባት አንድ ቦታ ተረስቶ…»
ሻይ አዝላታለሁ።
ስኳሩን ራሴ አማስላለሁ።

አሁን መሸጎጫ የለኝም። ዲስኩ እንደልቡ ያስላል።
ቢምረው «አዲስ ዲስክ ግዛ» ይለኛል፤ እገዛ ይሆናል።
ይዘገያል፤ ግን «ተጽፏል» ካለ፣ ተጽፏል።

ነገ ትርንጎ ትመጣለች፣ የልጇን የክርስትና ፎቶ ልትወስድ።
ወንበሩን ጠርጌዋለሁ።
ዐሥራ ሁለት ዓመት በጉያዬ የያዝኩት ቃል
ከየት እንደሚጀመር እንጃ፤ ጉሮሮዬ ላይ ይዞራል፤ ሳል ብቻ ይወጣኛል፦
ቆዪ፣
ልፈልግ፣
ታገሺኝ።